ለሴናተር የሰጠሁት ድምፅ ከቁርባን ያግደኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በአሜሪካ ነው፤ ዜግነትም አግኝቻለሁ። ባለፈው ምርጫ የመረጥሁት ሴናተር ፅንስ ማስወረድን የሚፈቅዱ ዳኞች እንዲሾሙ የሚፈልግ ነው። እኔ የመረጥሁት ስለ ሕክምና መድን በሚለው ነበር። አንዲት እኅት ይህን ሰምታ «እጅሽ ደም ነክቷል፤ እንዳትቆርቢ» አለችኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያችን እኅት ቀኖና እንድትሰጥ ማን ሾማት? ይህ የንስሐ አባትሽ ሥራ ነው።

ትምህርቱን ግን አላለዝብልሽም። ለኤርምያስ «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ተብሏል፤ ዮሐንስም በኤልሳቤጥ ማኅፀን በደስታ ዘሏል። ፅንስን ማስወረድ ነፍስ ማጥፋት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ሮ እና ዌድ በተባለው መዝገብ ሲፈቅደው ኃጢአትነቱ አልቀረም፤ በ2022 ያንኑ ውሳኔ ሲሽረውም ኃጢአት መሆን አልጀመረም።

አሁን ወደ ድምፅሽ እንምጣ። ዳኛውን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ይጠይቃል፤ ከዚያ መቶው ሴናተሮች ድምፅ ይሰጣሉ። ዕጩዎቹ ስለ ፅንስ ሲጠየቁ ወደ ፊት ሊቀርብልን በሚችል ጉዳይ አንናገርም እያሉ ያልፋሉ። ከተሾሙ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ናቸውና ሿሚያቸውን አይፈሩም። በ1992 የሮ እና ዌድን ውሳኔ ዋና ፍሬ ነገር ያጸኑት አምስቱም ዳኞች የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች ሹመኞች ነበሩ፤ በዲሞክራት ፕሬዚዳንት የተሾሙት ብቸኛው ዳኛ ባይረን ዋይት ግን ተቃወሙ። በ2022ም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ፅንስ ማስወረድን አልከለከለም፤ ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ መለሰው። ከድምፅ መስጫው ወረቀት እስከ ዳኛው ብዕር መንገዱ ይህን ያህል ሩቅ ነው። ሩቅ ነው ማለቴ ግን ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ፅንስ ማስወረድ እንዲስፋፋ ብለሽ መርጠሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ስለ መድኑ ከሆነም ይህንኑ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ይመዝኑልሻል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውሳኔው በተሻረበት ሳምንት፣ በሐዋርያት ጾም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ አንዳንዶች ጎል እንደ ገባ ሰው አጨበጨቡ። ከወንበሩ ጫፍ የነበረች ሴት ሽሮዋን ሳትነካ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ለምን እንደ ወጣች አልጠየቅሁም፤ ያጨበጨቡትም አላዩአትም። እ.ኤ.አ. በ314 ዛሬ አንካራ በምትባለው በዕንቆራ የተሰበሰቡት አባቶች ፅንስ ያስወረደች ሴት እስክትሞት ከቁርባን እንድትርቅ ያዝዝ የነበረውን የቀደመ ሕግ አቅልለው ዐሥር ዓመት አደረጉላት። ኃጢአቱን አላሳነሱም፤ የመመለሻውን በር ግን ከፈቱ። እኅትሽ «እጅሽ ደም ነክቷል» ስትል ከአጠገቧ ማን እንደ ተቀመጠ ታውቃለችን?

እንግዲህ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። በሚቀጥለው ምርጫ ማንን ልምረጥ ብለሽ ግን ወደ እኔ አትምጪ፤ አልነግርሽም።