የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥናታችንን በየትኛው የዓይን ሕክምና ጆርናል እናሳትም?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በፍኖተ ሰላም በዓይን ሕክምና ሙያ የማገለግል ሰው ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች ካርድ በማገላበጥ፣ ከሕክምናው በኋላ እይታቸው ምን ያህል እንደተመለሰ የሚያሳይ መረጃ ሰብስበናል። ጽሑፉን ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያነበው በሚችል የዓይን ሕክምና ጆርናል ላይ ማውጣት እንሻለን፤ ሆኖም የታወቁት የሚጠይቁት ገንዘብ ከደመወዛችን ጋር የሚገናኝ አይደለም። በዚህ መሀል አንድ የማናውቀው ጆርናል በጥቂት ዶላር፣ በ7 ቀን ውስጥ እንደሚያትምልን በኢሜይል ጽፎልናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ገንዘቡ ያስፈራዎት አለምክንያት አይደለም። ለአንባቢ ክፍት የሆኑ ጆርናሎች ከአንባቢ የማያገኙትን ገቢ አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው ስለሚሰበስቡ፣ ለአንድ ጽሑፍ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚጠይቁ አሉ። ነገር ግን ይህ ዋጋ ለሁሉም አገር እኩል አይሠራም። ለአነስተኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በርካሽ በሚያቀርበው፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር፣ ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ የምትገኝ አገር በመሆኗ፣ ብዙ አሳታሚዎች ከእንዲህ ዓይነት አገሮች የሚመጡ ደራሲያንን ከክፍያው ሙሉ በሙሉ ነጻ ያደርጋሉ። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ነጻ የመሆን ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲጠየቅ የማይሰሙ አሳታሚዎች አሉ። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ አሳታሚ የሚመለከተው ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈውን ደራሲ አገር ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ግን የሁሉንም ደራሲያን አድራሻ ያያል፤ ስለዚህ በውጭ አገር የሚሠራ ተባባሪ ካላችሁ ደንቡን ከመላክዎ በፊት ያንብቡ።

በ7 ቀን እናትማለን ያለዎትን ጆርናል በተመለከተ፣ መልሳችን አጭር ነው፤ ይተዉት። አንድ ጽሑፍ ለአርታኢ ደርሶ፣ ገምጋሚዎች ተፈልገውለት፣ አስተያየታቸው መጥቶና ደራሲው አርሞ እስኪመልስ ድረስ ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ በሳምንት የሚያልቅ ግምገማ አልተካሄደም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጆርናል በደብዳቤው ላይ በታወቁ ማውጫዎች ተመዝግቤአለሁ ሊል ይችላልና ቃሉን አይመኑ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ክፍት ጆርናሎችን እየመረመረ የሚመዘግበውን ዲ.ኦ.ኤ.ጄ. የተባለ ማውጫ ራስዎ ከፍተው ስሙን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚታተመው ቢ.ኤም.ሲ. ኦፍታልሞሎጂ የተባለው የዓይን ሕክምና ጆርናልም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነው አይ.ኦ.ቪ.ኤስ. የተባለው የዓይን ምርምር ጆርናል እዚያ ይገኛሉ። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አይ.ኦ.ቪ.ኤስ. ይበልጥ የሚያተኩረው በመሠረታዊ ሳይንስ ላይ በመሆኑ፣ እንደ እናንተ ያለ የሆስፒታል ጥናት የሚስማማው የሕክምና ውጤትን ለሚያወጡ ጆርናሎች ነው።

ከክፍያው ይልቅ እኛን ያሳሰበን በደብዳቤዎ ውስጥ ያልተጠቀሰው ጉዳይ ነው። ካርዶቹን ከመክፈታችሁ በፊት ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ አግኝታችኋል ወይ? የካርድ ጥናት በሽተኛውን ስለማይነካ ፈቃድ አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ በየሆስፒታሉ አለ፤ ስህተት ነው። ከእያንዳንዱ ታካሚ የግል ስምምነት መውሰድ ሊቀር ቢችልም፣ ይቅር ብሎ የሚወስነው ኮሚቴው እንጂ አጥኚው አይደለም። ፈቃዱ ከሌላችሁ የተሠራውን ሥራ ሳትደብቁ በአካባቢው ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም ኮሚቴ ሂዱና ውሳኔውን ተቀበሉ። በምንም ዓይነት ወደ ኋላ የተመለሰ ቀን ያለው ደብዳቤ አታጽፉ፤ ይህ ከተገኘ ጽሑፉ ከታተመ በኋላም ይሰረዛል።

የዓይን ጥናት ገምጋሚዎች ቶሎ የሚያገኙት ሌላ ጉድለት ቆጠራው ላይ ነው። አንድ ታካሚ ሁለቱንም ዓይኖቹን ተሠርቶ ከሆነ፣ የሁለቱ ዓይኖች ውጤት ይመሳሰላል፤ ዕድሜው አንድ፣ የስኳር በሽታው አንድ፣ ቀዶ ሐኪሙም ምናልባት አንድ ነው። እንግዲህ 100 ሰዎችን አጥንቶ 160 ዓይኖችን እንደ 160 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ማስላት ውጤቱን ከእውነቱ የበለጠ እርግጠኛ ያስመስለዋል። ወይ ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን በታወቀ ደንብ ይምረጡ፣ ወይም ይህን ዝምድና የሚያካትት ስሌት የሚያውቅ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያማክሩ፤ የመረጡትንም በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ያስፍሩ።

ውጤታችሁን የምታነጻጽሩበትን መለኪያም አስቀድማችሁ ወስኑ። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ታካሚው ባለው መነጽር ወይም ያለ መነጽር ሲለካ፣ ከዓይኖቹ ቢያንስ 80 በመቶው 6/18 (ጤናማ ዓይን በ18 ሜትር ርቀት የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት ማለት ነው) ወይም ከዚያ የተሻለ እይታ እንዲኖራቸው፣ ከ6/60 በታች የሚሆኑት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይላል። እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ችግር ይመጣል። ከደምበጫ ወይም ከቡሬ ገጠር መጥቶ የተሠራ ገበሬ፣ በተለይ በክረምት፣ በቀጠሮው ላይመለስ ይችላል። የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ የስኬት መጠን ማስላት አሳሳች ነው፤ የቀረው ሰው ደኅና ስለሆነ ይቅር ወይም ዓይኑ ስለጠፋበት ተስፋ ቆርጦ ይቅር ከካርዱ አይታወቅምና። ስንት ሰው እንዳልተመለሰ፣ ያልተመለሱትም ከተመለሱት በዕድሜ፣ በጾታና ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበራቸው እይታ ይለያዩ እንደሆነ በሠንጠረዥ አሳዩ። ይህን ያደረገ ጽሑፍ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም በእኛ ዓይን ይበልጣል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። በካርዱ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ወደ አውሮፓ ስትለውጡ የጥናቱ ወራት እንዳይዛነፉ ተጠንቀቁ፤ ስማችሁንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ተጠቀሙ፤ ኦርኪድ የተባለውን የአጥኚዎች መለያ ቁጥር በነጻ አውጡ። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምሠራ ነኝ። የአንዲት ታካሚ ፎቶግራፍ ከጽሑፌ ጋር ላወጣ ነው። ፊቷ እንዳይታወቅ ዓይኗን በጥቁር መስመር ብሸፍነው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ዓይንን መሸፈን ማንነትን እንደማይሰውር በግልጽ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ የሚሸፈነው ራሱ የሚታየው ነገር ነው። ዓይኗና የዓይኗ ቆብ ብቻ እንዲቀር ፎቶግራፉን ይቁረጡት፤ የጽሑፍ ስምምነቷንም ይውሰዱ። ስምምነቱ በአማርኛ ይሁን፤ ማንበብ የማትችል ወይም እይታዋ የደከመ ከሆነ ምስክር ባለበት ተነቦላት አሻራዋን ታኑርበት። በክፍት ጆርናል የወጣ ምስል በአብዛኛው ማንም ምንጩን ጠቅሶ መልሶ ሊጠቀምበት በሚፈቅድ ውል ስለሚወጣ፣ በኢንተርኔት ላይ ሊሰራጭ እንደሚችልና ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ መሰብሰብ እንደማይቻል ከመፈረሟ በፊት ይንገሯት። እምቢ ካለች ሕክምናዋ እንደማይጓደልም አብረው ያስረዷት።