የሙሽራዋ ጀርባ ለምን ሽቦ መሰለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ። ያለኝ አሮጌው የካነን 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ነው። ባለፈው እሁድ ወዳጅነት ፓርክ ሙሽራዋን ዛፍ ሥር አቁሜ አነሳኋት። ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ። ከኋላዋ ያለው ቅጠልና ቅርንጫፍ ግን ብለር (ብዥታ) ሆኖም ዓይን ይወጋል። ፒያሳ አንድ ሻጭ «1.4 ግዢ፣ ጀርባው ቅቤ ነው የሚሆንልሽ» አለኝ። ልበደርና ልግዛው? ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ብድሩን ለጊዜው ተዪው። እኔ አንዴ ተበልቼበታለሁ።

ከ12 ዓመት በፊት ነው። አንድ ሻጭ ሌንስ ካሜራዬ ላይ ገጥሞ፣ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ የመኪና መብራት እንዳነሳ ነገረኝ። አመሻሽ ነበር። መብራቶቹ ትልልቅ ክብ ፊኛ ሆነው ወጡ። ልቤ ጠፋ፤ ከፈልኩ። በሳምንቱ በጠራራ ፀሐይ ሙሽራ ጥድ ሥር አነሳሁበት። የሙሽራው እናት አልበሙን እያገላበጡ «ይኼ ከኋላዋ ያለው ሽቦ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት መስመር ሆኖ ወጥቷል።

የብለር መብዛትና የብለር ማማር ለየቅል ናቸው። የቦኬ ነገር ሲነሳ ጨዋታው ስለ ማማሩ ነው። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ ብዥታ ማለት ነው። 1.8ም ሆነ 1.4፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ብለሩም ይበዛል። ሻጩ የሚሸጥልሽ መብዛቱን ነው።

ማማሩ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። ከፎከስ ውጭ ያለ የብርሃን ነጥብ ሁሉ ፎቶው ላይ ክብ ሆኖ ይዘረጋል። ቅጠልም ቢሆን የነጥብ ክምር ነው። የክቡ ጠርዝ ከመሃሉ ከደመቀ፣ ክቦቹ ሲደራረቡ ጠርዞቹ መስመር ይሠራሉ። ቅርንጫፉን መንታ የሚያደርገው ይሄ ነው። ጠርዙ እየሳሳ ከጠፋ ግን አንዱ ካንዱ ይዋሃዳል፤ ጀርባው እንደ ባዘቶ ይለሰልሳል። ምክንያቱ ሌንሱ ውስጥ ነው። በመስታወቱ ዳር የሚያልፈው ብርሃንና በመሃል የሚያልፈው አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። ስፌሪካል አበሬሽን ይሉታል። ሠሪው ከልክ በላይ ሲያርመው የኋላው ክብ ጠርዙ ይደምቃል። የሚገርመው፣ ያው ሌንስ ከሙሽራዋ ፊት ያለውን አበባ ያለሰልሰዋል። ግን ስንት ጊዜ ነው ፊት ለፊት አበባ የምናስቀምጠው?

ስለዚህ በማታ መብራት ብቻ አትፍረጂ። መጀመሪያ ሲመሽ ቸርችል ጎዳና ውጪ። ሁለት ሜትር ላይ ያለ ነገር ፎከስ አድርገሽ፣ ወደ ለገሃር የሚወርደውን የመኪና መብራት ከጀርባ አስገቢ። አንዱን ክብ ዙም አድርገሽ እዪው። ጠርዙ ደምቋል? ውስጡ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ነው? እሱ ከአስፌሪካል (ኩርባው እንደ ኳስ ካልሆነ) መስታወት አሠራር የሚመጣ ነው። የፎቶው ዳር ላይ ክቡ ሎሚ ይመስላል፤ 2.8 ላይ ስትዘጊው ይስተካከላል። ችግሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ያንቺ ሌንስ አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) የሚዘጉት ብሌዶች (ስስ ቅጠሎች) 5 ብቻ ናቸው። ስትዘጊው ክቡ አምስት ማዕዘን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲሱ የካነን 50 ሚሊሜትር 1.8 ግን 7 ክብ ብሌድ አለው። በበኩሌ ሎሚው አያስከፋኝም። አጎቴ ከሶቪየት ኅብረት ያመጣው ሄሊዮስ 58 ሚሊሜትር ጀርባውን ሁሉ ያሽከረክረዋል፣ እወደዋለሁ። አምስት ማዕዘኑን ግን ዓይኔ አይቀበለውም።

ዋናው ፈተና ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ በቅጠሉ መሃል ሰማይ የሚታይበት ዛፍ ፈልጊ። እዚያ ያለፈ ሌንስ የትም ያልፋል።

የሻጩን 1.4 ደግሞ እናስላው። 50 ለ1.8 ሲካፈል ቀዳዳው 28 ሚሊሜትር ግድም ነው። ለ1.4 ሲካፈል 36። የ85 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ግን 47 ይደርሳል። ሙሽራዋን በፎቶው ውስጥ እኩል ካገዘፍሻት፣ የሩቁ ጀርባ ብዥታ የሚያድገው በዚህ ስፋት ልክ ነው። ገንዘብ ካገኘሽ እኔ የምመርጥልሽ 85ቱን ነው፤ እሱንም ቅጠሉ ላይ ፈትነሽ።

ፓርኩ ውስጥ የበደለሽ ግን ሌንሱ ብቻ አይመስለኝም። ዛፍ ሥር አቆምኳት ብለሻል። በጣም የሚያስጠላው ብለር ግማሹ ነው፤ ጠፋ እንዳይባል ቅርንጫፉ ይታያል፣ ታየ እንዳይባል ደብዝዟል። በሚቀጥለው ሠርግ ሙሽራዋን ከዛፉ አሥር እርምጃ ወደ ፊት አውጫት። ከኋላዋ ሰማይ የሚያሾልክ ቅጠል ሳይሆን ጥላ ያረፈበት ሣር ይሁን። ያነሳሽውን ላኪልኝና አብረን እንየው። ሻጩ እንደሆነ እስከዚያ የትም አይሄድም።