ኮዬ ፈጬ ላይ ሆኖ ከሪያድ ጋር ማውራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ሪያድ ናት። በኢሞ ስትደውልልኝ ሳሎን ውስጥ ድምጿ ይቆራረጣል፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ሳወራት ግን ጥርት ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ችግሩ ያለው ሪያድ ሳይሆን የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ላይ ነው። ፎርጂ በ1800 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ሲመጣ ኮንክሪትና ብረት ብዙውን ያስቀሩታል። የስልኩን የሲግናል ዘንጎች አይመኑ፤ በአንድሮይድ መደወያ *#*#4636#*#* ይጻፉ (ሳምሰንግ እምቢ ካለ *#0011#) እና አርኤስአርፒ (RSRP፣ የሲግናሉ ጉልበት) የሚለውን ቁጥር ይዩ። -90 አካባቢ ጥሩ ነው፣ በ-105 የድምፅ ጥሪ ይሠራል፣ ከ-115 ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ስልኩን ይዘው ከመስኮት መስኮት እየዞሩ ያወዳድሩ፤ የ10 ልዩነት ማለት ጉልበቱ 10 እጥፍ ተለየ ማለት ነው።

የሚሻለው መስኮት መኝታ ቤት ከሆነ፣ ሲሙን ትርፍ ስልክ ውስጥ ከትተው እዚያው መስኮት ላይ ያስቀምጡትና ሆትስፖት ይክፈቱ። በዋናው ስልክ በዋይፋይ ሳሎን ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ኢሞ ሲሙ ቢወጣም ይሠራል። ሆትስፖቱን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያድርጉት፣ 5ቱ ግድግዳ አይወድም። ቻርጅ እየተደረገ ፀሐይ እንዳይመታው፤ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዘንጉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን አይከፍትም። ለምን?

መልስ፦ የሰፈሩ የዋይፋይ ራውተር ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቤቱ በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ዘንጉ የሚያሳየው የኔትወርክ ምሰሶው መኖሩን ብቻ ነው፤ ስንት ሰው እንደተሰለፈበት አይናገርም። ኔትወርኩን ለጊዜው 3ጂ ላይ ብታደርገው አንዳንዴ ክፍት ቦታ ታገኛለህ። መብራቱ ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ የምሰሶው ባትሪ ያልቃል፤ ያኔ ዘንጉም ይጠፋል፣ መጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ፓኬጄ ሳልጠቀምበት ያልቃል። ቴሌ ይበላኛል እንዴ?

መልስ፦ ቀሪውን በ*804# እያየህ ከስልክህ የዳታ ቆጣሪ ጋር አስተያይ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ቴሌግራም ነው። ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ካለህ ቪዲዮውን ሳትነካው ያወርደዋል። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ግባና በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረዱን አጥፋ። የዩቲዩብን የቪዲዮ ጥራት ደግሞ 360 ላይ ገድበው።

ለጥሪ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ፣ የቪዲዮ ጥሪ 5 ገደማ። አንድ ሰዓት በድምፅ 30፣ በቪዲዮ 300 ሜጋባይት ማለት ነው። ፊቷን ለማየት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል፤ የቀረውን ካሜራ ዘግታችሁ አውሩ። ዋትስአፕ ላይ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ውስጥ የጥሪ ዳታ የሚቀንስ ማብሪያ አለ፣ አብራው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ነው፤ በዋትስአፕ ስደውልለት ይጠራል፣ ድምፅ ግን የለም።

መልስ፦ ኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪን ትከለክላለች፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን ይደርሳል። ቦቲም የተባለው የጥሪ መተግበሪያ እዚያ ፈቃድ ያለው ነው፣ ሁለታችሁም ጫኑት። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ይቀድማል፤ ማታ ስትደውል አስብበት።

ጥያቄ፦ ባህር የለንም፤ የባህር ገመድ ሲበጠስ እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ የእኛ መስመር በየብስ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ሄዶ ከባህር ገመድ ጋር ነው የሚገናኘው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባህር ላይ ሲኮም፣ ኢአይጂ እና ኤኤኢ-1 የተባሉት ገመዶች ተጎድተው ነበር። እንዲህ ሲሆን ትራፊኩ በሌላ ገመድ ይዞራል፤ መንገዱ ስለሚረዝምና ስለሚጨናነቅ ጥሪ ላይ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። የሰፈር ምሰሶ ችግር ከሆነ ግን ሌላ ሰፈር ሲደርሱ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ «አክስትሽ ነኝ፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ» የሚል ቴሌግራም መጣልኝ፤ ላክሁት። አሁንስ?

መልስ፦ በፍጥነት ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ግቢና ሌሎቹን በሙሉ አስወጪ። አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ማስወጣት አይችልም፤ ቀድመሽው ነው ማለት ነው። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የይለፍ ቃል አስገቢ፤ እሱ እስካለ ባለ 5 አሃዙ ኮድ ብቻውን አያስገባም። አክስትሽን በቀጥታ ደውለሽ ንገሪያት፤ የእሷም አካውንት ተሰርቆ ይሆናል፣ ከእሷ ስም ለሌላው ዘመድም እየተጻፈ ይሆናል።