ሰሌዳው ላይ ያለው ቀን ፒያኖላው የተሠራበት ነው?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ በገዛነው አሮጌ ቤት ውስጥ የድሮዎቹ ባለቤቶች ፒያኖላ ትተውልን ሄዱ፤ ያ በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ራሱ የሚጫወተው ፒያኖ። ውስጡ በተለጠፈች የናስ ሰሌዳ ላይ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀኖች ተደርድረዋል፣ አንዱ ሜይ 22 ቀን 1900 ነው። ቁጥር የለም። ጎግል ላይ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። ባለቤቴ «የ1900 ሥሪት ነው» ብሎ ዋጋ መተመን ጀምሯል። ልክ ነው? (ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ትንሽ ይታገሡ። ቀኑ ፈጠራው ፓተንት ያገኘበት እንጂ ዕቃው ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም። ኩባንያዎች አንዱን ፓተንት ለዓመታት ይለጥፉት ነበር። ከተደረደሩት የመጨረሻውን ቀን ይያዙ፤ ፒያኖላው ከዚያ አይቀድምም። ዋጋውማ፣ ማሳደሻው ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው በነፃ «ውሰዱልን» ይላል።

ተራው ጎግል ላይ አይድከሙ፣ ፓተንት ብቻ የሚፈለግበት ጎግል ፓተንትስ ይግቡ። የአሜሪካ ፓተንት ያኔም አሁንም የሚወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ያነበቡት ቀን ማክሰኞ ካልዋለ አንዱን አኃዝ ተሳስተው አንብበዋል ማለት ነው። የእርስዎ ማክሰኞ ነው። የወጣበትን ቀን በዚያችው ዕለት ገድበው ፒያኖ የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ቁጥር 650285ን ይፈልጉ፤ ኤድዊን ቮቴይ በ1897 አመልክቶ ያገኘው፣ በአየር የሚሠራ የፒያኖ ማጫወቻ ነው። የድሮ ፓተንቶች ጽሑፍ በማሽን ከፎቶ የተለቀመ ስለሆነ ፊደሉ ይዘባረቃል፤ በቃል እምቢ ካለ ራሳቸው የሚጫወቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች በተመደቡበት ኮድ፣ በጂ10ኤፍ ይሞክሩ።

ሥዕሎቹን ሳያዩ እንዳይወጡ! በእግር የሚረገጠው ወናፍ አየሩን ይስባል፣ የወረቀቱ ቀዳዳ ወረቀቱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ይገባል፣ ያኔ አንዲት ትንሽ ወናፍ ተኮማትራ ድምፁን ታስመታለች። ለሚጠግንልዎ ሰው ይህ ወርቅ ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ግን የዚያን ዘንግ ቀዳዳዎች ይቁጠሩ። 65 ከሆኑ የቀድሞው ዓይነት ነው። 88 ከሆኑ ምናልባት ከ1908 ወዲህ ነው፤ አምራቾቹ ቡፋሎ ከተማ ላይ ተሰብስበው በ88 የተስማሙት በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ፒያኖው ውስጥ ብረቱ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ለፒያኖ ቃኚ ያሳዩ፤ የየፋብሪካው ቁጥር ከነዓመቱ የሰፈረበት መጽሐፍ አይጠፋቸውም። ያንን ቁጥር የፓተንት መስሎት ኢንተርኔት ላይ የጻፈ ሰው የልብስ ማጠቢያ ሥዕል ቢመጣበት አይገርምም።