የውሻዬን ጥርስ ነቅለው አፍንጫዋን ቀደዱብኝ፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የ9 ዓመት ውሻዬ የላይኛው ክራንቻዋ ስለተበላሸ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ወስጄ አስነቀልኩላት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይወጣል፣ ታስነጥሳለች። ሌላ ሐኪም «ከአፏ ወደ አፍንጫዋ ተበስቷል፣ በቀዶ ጥገና መዘጋት አለበት» አለኝ። የነቀሏት ግን «በሽታው ያመጣው ነው» ብለው ሸኙኝ።

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። ማሸነፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የእንስሳት ሐኪምም ከዚህ አያመልጥም። ግን ቅር እንዳይልዎት፣ ክሊኒኩ ያለው ነገር ሰበብ ብቻ ላይሆን ይችላል። የውሻ ክራንቻ ሥሩ ከሚታየው ጥርስ ይረዝማል፣ ከአፍንጫ የሚለየውም ስስ አጥንት ነው፣ የድድ በሽታው ደግሞ ጥርሱ ሳይነቀልም ያንን አጥንት በልቶ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፦ ከመንቀላቸው በፊት ራጅ አንስተዋል? ቀዳዳውን በድዷ ሸፍነው ሰፉት ወይስ ክፍቱን ትተው ሰደዷት? ይህ ሊመጣ እንደሚችልስ ነግረውዎታል?

እኔ የምፈራልዎት ሌላ ነው። ሁለተኛው ሐኪም ቀዳዳውን ሲሰፋው ማስረጃዎም አብሮ ይሰፋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያየውን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጥዎት፤ ፎቶና ራጅም ይኑር። ከመጀመሪያው ክሊኒክ የካርዷን ግልባጭ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡ ያዛቸዋል። ሕክምናውን ግን ለክስ ብለው እንዳያዘገዩት፤ እርስዎ በመቆየትዎ ለባሰው ጉዳት ማንም አይከፍልዎትም።

ገንዘቡስ? ሕጉ ውሻን የሚያየው እንደ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው (እኔም ውሻ አለኝ፣ ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል)። የሚጠይቁት የከፈሉትን፣ የሁለተኛውን ቀዶ ጥገናና የመድኃኒቱን ወጪ ነው፣ ያውም በደረሰኝ። ለሐዘንዎ ብዙ አይጠብቁ፤ የሞራል ካሳ የሚከፈለው ሕጉ በግልጽ በፈቀደበት ብቻ ነው፣ በፈቀደበትም ጣሪያው 1,000 ብር ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ደርሶ መልስ ለራይድ እንኳን ስንት ጊዜ ይበቃል?

ከውል ውጭ ኃላፊነት (ማለትም ውል ባይኖርም በጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ መሆን) ላይ ተመሥርተው ከከሰሱ ጊዜዎ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ የሐኪሙን ጽሑፍ አያይዤ፣ የቀዶ ጥገናውን ወጪ በ15 ቀን ውስጥ እንዲሸፍኑ ማስጠንቀቂያ እጽፍላቸዋለሁ። ደብዳቤውን ሲያደርሱ መዝገብ ቤታቸው ቅጂው ላይ ይፈርምልዎት።