የ9ኛ ክፍል ልጆች አንቀጽ መጻፍ አቃታቸው ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ 9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ በአንድ ክፍል 68 ልጆች አሉ፤ ምንባቡን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዝም፤ አንቀጽ ጻፉ ስላቸው ከሦስት መስመር አያልፉም፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት «አሳታፊ ዘዴ ተጠቀሚ» ብለው የመለሱልሽ ሰዎች 68 ልጅ ፊት ቆመው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ደሴ ነው የማስተምረው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ ወዲህም ወዲያም ያለው ልጅ ችግሩ አንድ ነውና ያየሁትን ልንገርሽ። አብሽሪ።

ብቻ ሰነፎች ናቸው እንዳትዪ። ክፍል ሳይደግም ዘንድሮ በ2018 9ኛ የገባ ልጅ፣ መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ 3ኛ ክፍል ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ 5ኛ። ንባብ በሚጸናበት ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተቋረጠበት። በአማርኛ ትምህርት ጀምሮ፣ 9ኛ ላይ ሂሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንቀጽ ያልጻፈ ልጅ በእንግሊዝኛ ምን እንዲጽፍ ነው የሚጠበቀው?

1. «ጮክ ብለው ያነባሉ» ያልሽውን አትመኚው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ መንዙማ ሲያወርድ ሰው ያስለቅሳል። የመጽሐፉንም ምንባብ በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር። አንድ ቀን ጣቴን ገጹ መሃል ላይ አድርጌ «ከዚህ ጀምር» ስለው ቆመ። ጆሮውን ይዞ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰና እንደገና ከላይ ጀመረ። ለካ ታላቅ እህቱ ዓምና ቤት ውስጥ ስታጠናው ሰምቶ ይዞታል። ስለዚህ በመማሪያ መጽሐፉ አትፈትኚ። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችው ወረቀት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ያላዩት ነገር ይሁን። ለብቻው አንድ ደቂቃ ያንብብልሽ፣ ወረቀቱን ገልብጪና «ምን ይላል?» በይው። ሁሉንም በአንድ ፔሬድ አትጨርሺም፤ ሌሎቹ እየጻፉ አምስት ስድስቱን ወደ ጠረጴዛሽ ጥሪ።

2. «የትምህርት ጥቅም»፣ «የአካባቢ ጥበቃ» የሚባል ርዕስ ተይው። ሰልፍ ላይ የሰሙትን «ትምህርት የሁሉም ነገር ቁልፍ ነው» ብለው ይጽፉና እስክሪብቷቸውን ይነክሳሉ። እኔ «አጎትህ ከገጠር መጥቶ መናኸሪያ ቆሟል፣ ስልክ የለውም፣ ቤትህ የሚያደርሰውን ጻፍለት» ነው የምላቸው። ከዚያ ደብተር ተለዋውጠው፣ ያነበበው ልጅ የተጻፈውን ብቻ ተከትሎ መንገዱን ይሥላል። አንዷ «ከመናኸሪያ ወጥተህ ትሄድና ትታጠፍና ሱቁ ጋ ስትደርስ ትጠይቃለህ» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ «የቱ ሱቅ? ወደየት ነው የምታጠፍ?» አለችና እርሳሷን አስቀመጠች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ሁለተኛ ስትጽፈው እንዲህ መጣ፦ «ከመናኸሪያው በር ወደ ቀኝ ታጠፍ። አረንጓዴ በር ያለው ወፍጮ ቤት ታገኛለህ። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ኮብልስቶን ግባ።» አራት ነጥብ ያን ቀን አላስተማርኩም፤ ጓደኛዋ ናት ያስተማረቻት። አንቺ ጋ ደግሞ ከሐርቡም ከደጋንም መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ የሚሄዱ ልጆች አይጠፉም። ስንቅ ተሸክሞ የሚመለስ ልጅ የሚጽፈው አያጣም።

3. እርማት። ሁሉን ስህተት በቀይ አትክበቢ፤ እነሱም ተስፋ ይቆርጣሉ፣ አንቺም ጥቅምት ሳይወጣ ትደክሚያለሽ። ይህን ሳምንት አራት ነጥብ ብቻ፣ በሚቀጥለው ባለቤትና ግሡ መስማማታቸውን ብቻ። ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ የሚለው መጨረሻ ይምጣ። «ፀሐይን በጸሎቱ ጸ እየጻፉ ዝም ትያለሽ ወይ?» የሚል ባልደረባ አይጠፋም፤ ሻይ ጋብዢውና እለፊው።

4. ይኼኛውን ማንም አይነግርሽም። ልጆቹ በጸጥታ እያነበቡ ሳለ ሱፐርቫይዘር ገባ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ይቅር። «ምን እያስተማርክ ነው?» አለኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እሺ፣ ይሁን። «እያነበቡ ነው» አልኩት። «እነሱስ ያንብቡ፣ አንተ ምን እየሠራህ ነው?» ሌሰን ፕላኔን አየ፣ ከዓመታዊ እቅዱ ጋር አስተያየ፣ አንድ ምዕራፍ ወደኋላ መቅረቴን አገኘ። የልጆቹ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ አንዱን እንኳ አልገለጠም። «የክፍለ ጊዜ አጠቃቀም ዝቅተኛ» ብሎ ፈርሞ ወጣ። የአፈጻጸም ነጥቤ ወረደ፣ የደረጃ እድገቴ ተንጠለጠለ። አቤት ልል ስሄድ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «የቅሬታ ጊዜው አልፏል። ደግሞ 12ኛ ላይ ድርሰት አይመጣ፣ ምን አደከመህ?» አለኝ።

ፈተናው ምርጫ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን በ2015 ከተፈተነው ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ጥያቄው ምን እንደሚል ያልገባው ልጅ ሀን አጠቆረ ለን አጠቆረ ምን ልዩነት አለው? ይህን ልለው ስል ሌላ ስልክ አነሳ።

ያ በመንዙማው የነገርኩሽ ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ የሚኒ ሚዲያውን ዜና ራሱ እየጻፈ ሰልፍ ላይ ያነብ ነበር። ይህ በየትኛውም ቅጽ ላይ ነጥብ የለውም።

ስለዚህ ንባቡን ከመጀመርሽ በፊት ወረቀት ላይ አስገቢው። እኔ ከዚያ ወዲህ የተግባር ምርምር፣ ያው አክሽን ሪሰርች የምንለው፣ አድርጌ ነው የማስመዘግበው፤ ሲፒዲው (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው) ላይም ይያዝልሻል። እቅድሽ ላይ «የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን አንብቦ የመረዳትና አንቀጽ የመጻፍ ክህሎት ለማሻሻል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይመደባል» ብለሽ ጻፊ። «በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ» የምትለዋን እንዳትረሺ፣ የሚያድንሽ እሷ ናት። ዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርምበት፣ ርዕሰ መምህሩ ማህተም ያድርግበት። ዋናውን ለእነሱ፣ ማህተም ያለበትን ኮፒ ለራስሽ፤ ኮፒውን ስታፍ ሩም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ቤትሽ አስቀምጪው።