የማያመው ቁስል

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ 12 ዓመት ሆኗል። ሰሞኑን እግራቸውን ሳጥብላቸው ከቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር የሳንቲም ያህል ቁስል አየሁ። መቼ እንደወጣ አያውቁም፤ «አያመኝም፣ ተይው» ይሉኛል። በሙቅ የጨው ውኃ እየዘፈዘፍኩ ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። ቁስሉ አለማመሙ ሊያጽናናዎት አይገባም፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝም እሱው ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ እግር ጠጠር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ እሳትም ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ወደ እግር የሚወርዱት የደም ሥሮች ከጠበቡ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። ስለዚህ እናትዎን በቸልተኝነት አይውቀሷቸው፤ እግራቸው አልነገራቸውም።

ሙቅ ውኃውን ይተዉት፤ ሙቀት የማይለይ እግር ሳይታወቅ ተቃጥሎ ውኃ ይቋጥራል። ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፤ በዚያም እግር ብዙ እንዳይረግጡ ያድርጉ። ካበጠ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከተነሣ ግን ሌሊትም ቢሆን አይደር።

እዚያ ሲደርሱ የሁለቱም እግሮች ስሜት እንዲመረመርላቸው ይጠይቁ። ነርሷ ዓይናቸውን አስጨፍና፣ 10 ግራም ጫና ሲያርፍበት የሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግራቸው ላይ በየቦታው ታሳርፋለች፤ «ተሰማኝ» ያላሉበት ቦታ ሁሉ ከእንግዲህ በዓይን የሚጠበቅ ነው። ይህ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ስኳር ላለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስሜቱ ለጠፋበት ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ መደረግ አለበት።

ቤት ውስጥ በየምሽቱ ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መሐል በብርሃን ይዩ። ለብ ባለ ውኃ ሲያጥቧቸው ውኃውን አስቀድመው በራስዎ ክርን ይሞክሩት፤ በጣቶቹ መሐል እርጥበት አይቅር፤ ቫዝሊን ለተረከዝ እንጂ ለጣት መሐል አይሆንም። የደነደነ ቆዳ በምላጭ አይነካ። ጫማ ከመጫማታቸው በፊት ገልብጠው ያራግፉትና እጅዎን አስገብተው ይዳስሱት፤ እኔ ራሴ ከአንድ አባት ጫማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲረግጧት የዋሉትን የሽምብራ ፍሬ አውጥቻለሁ።

እናትዎ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ከሆነ ጫማ ማውለቃቸው አይቀርም፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ይፋጃልና ወፍራም ካልሲ ያድርጉላቸው፤ ሲመለሱም ከሁሉ በፊት ውስጥ እግራቸውን ይዩላቸው።